ሳፋየር ወይስ የመዘዞ ኦፓል? ለቃል ኪዳን ቀለበት ፈርጥ ለምትመርጡ

በየቀኑ ጣት ላይ ለሚውል ቀለበት ሰማያዊው የከበረ ድንጋይ ሳፋየር፤ ለአንገት ሐብልና ለጆሮ ጉትቻ ከመንዝ ምድር፣ ከመዘዞ የሚወጣው ባለ ብዙ ቀለም ኦፓል። ጊዜ ለሌለው ሰው ፍርዴ ይኸው ነው። የጥር ሠርግ ሳይደርስ ተረጋግታችሁ ለምትመርጡ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ «የራሳችን የመንዝ ድንጋይ እያለ ለምን ሌላ?» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩ በስሜት ብቻ እንዳይቋጭ እፈልጋለሁ።

በጥንካሬ እንጀምር። ሳፋየር ኮረንደም የተባለው ማዕድን ነው፤ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ተጣምረው ይሠሩታል። ድንጋይ ጭረትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ከ1 እስከ 10 በሚያሳየው የሞህስ መለኪያ 9 ላይ ይገኛል፤ በጌጥ ድንጋዮች መካከል በግልጽ የሚበልጠው አልማዝ ነው። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ቁጥሩ ትርጉም የሚሰጠው አቧራ ሲታሰብ ነው። በበጋ ነፋስ የሚነሣው አቧራ ብዙ ጊዜ የኳርትዝ ብናኝ አለበት፤ የኳርትዝ ጥንካሬ ደግሞ 7 ነው። ኦፓሉን በደረቅ ጨርቅ በወለወላችሁት ቁጥር ፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ትፍቁታላችሁ፤ ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛል። ሳፋየሩን ያው አቧራ አይጭረውም። ሴትም ሆነ ወንድ፣ እጁ ከሥራ የማይፈታ ሰው ይህን ከምንም በላይ ያስብበት።

ኦፓል ሌላም ስስ ጎን አለው። የተሠራው ከሲሊካና ከውኃ ነው፤ ውኃው ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ ይይዛል። የመዘዞው ኦፓል ራዮላይት በሚባለው የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ፣ በድብልብል ድንጋዮች ሆድ ተሸሽጎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዓለም ገበያ ሲቀርብ ቡናማና ብርቱካናማ መደቡ ብዙዎችን አስደነቀ፤ ወዲያውም ሲደርቅ ይሰነጠቃል የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ይሁን እንጂ ሁሉም አይሰነጠቅም። ከተቆረጠ በኋላ ለወራት በደረቅ ቦታ ቆይቶ ደኅና የሆነውን ፈልጉ። በውኃ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀርብላችሁን ግን አትግዙ፤ ውኃው ስንጥቁን ይደብቃል። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥም ጠላቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቀዘቀዘ እጅ ኦፓል እንዳጠለቀ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

እግረ መንገዴን፣ የወሎው የወገል ጤና ኦፓል ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ገበያውን የያዘው እርሱ ነው፤ ብዙው ነጣ ያለና ውኃ የሚመጥ ነው። ጥቁር ሆኖ ካያችሁት አብዛኛውን ጊዜ በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ ነውና ሻጩን በግልጽ ጠይቁት።

ይህን ሁሉ ብዬም ኦፓልን አላሳንስም። ጥሩ የመዘዞ ኦፓል ሲያዘነብሉት ከቡናማው መደብ ውስጥ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ብርቱካናማው ተራ በተራ ይነድዳል። ይህ የሚሆነው በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው። ሳፋየር ይህ ጨዋታ የለውም፤ የእርሱ ውበት አንድ ጥልቅ ቀለም ነው።

ዋጋ ስታነጻጽሩ በካራት ብቻ አትሂዱ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፤ ሳፋየር ግን ከኦፓል በግምት ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ አንድ ካራት ሳፋየር ከባለ አንድ ካራት ኦፓል በዓይን በጣም አንሶ ቢታያችሁ አልተታለላችሁም።

የሳፋየር ነገር የሚወሳሰበው ትውልድ አገሩ ላይ ነው። የካሽሚር ሳፋየር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሂማልያ ከፍታ ላይ ተገኘ፤ ዋናው ማውጫ በጥቂት ዓመታት ተሟጠጠ። የካሽሚር ነው የሚላችሁ ሰው ከታወቀ ላቦራቶሪ የተሰጠ ወረቀት ካላሳየ አትመኑት። የስሪላንካው ፈካ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ከማዳጋስካር የሚመጣው፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው የኢላካካው፣ ብዙ ጊዜ እርሱን ይመስላል። የእኛም አገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ገደማ ትግራይ ውስጥ ከአክሱም ብዙም ሳይርቅ ተገኝቷል። ሰማያዊውን የሚሰጡት ብረትና ታይታኒየም ናቸው፤ በትግራዩ ውስጥ ብረቱ ስለሚበዛ ብዙው ጠቆር ይላል። በሱቅ መብራት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ድንጋዩን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡና በቀን ብርሃን እዩት። ጥቁር መስሎ ከቀረ ተዉት። በመቀጠል ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት፤ ፊደሉ በመሃሉ አልፎ የሚነበብ ከሆነ አቆራረጡ ጠፍጣፋ ነው፤ ብርሃን ወደ ዓይናችሁ ከመመለስ ይልቅ በሥሩ ያመልጣል።

በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሳፋየር በከፍተኛ ሙቀት ታክሟል፤ ይህ የተለመደና ዘላቂ ነው፣ ሻጩ እስከነገራችሁ ድረስ ነውር የለበትም። ስንጥቁ በመስተዋት የተሞላው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአንጥረኛ እሳት ያበላሸዋል፣ የሎሚ ጭማቂ እንኳ ሊጎዳው ይችላል። በፋብሪካ የሚሠራ ሳፋየርም ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ጥንካሬው ያው ነው፣ ዋጋው ግን እጅግ ዝቅተኛ ሊሆን ይገባል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ የታጠፉ መስመሮች ወይም ክብ አረፋዎች ከታዩ ተጠራጠሩ፤ በተፈጥሮው ውስጥ የቀለም መስመሮቹ ቀጥ ያሉና ማዕዘን የሚሠሩ ናቸው።

ስለ ሳፋየር ትርጉም ብዙዎች ይጠይቃሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ሰንፔር የሚባል ድንጋይ አለ፤ ብዙዎች ሳፋየር ነው ይሉታል፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 24 ከእግዚአብሔር እግር በታች ታየ፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ደግሞ የሰማያዊቷ ከተማ ሁለተኛ መሠረት ነው። በእመቤታችን ሥዕል ላይ ሰማያዊ መጎናጸፊያ ሲያይ ላደገ ሰው ይህ ቀለም ማብራሪያ አያሻውም። በምዕራቡ ዓለም የታማኝነት ምልክት ነው፤ ልዕልት ዳያና እ.ኤ.አ. በ1981 ስትታጭ የተሰጣት ቀለበት ፈርጥ 12 ካራት የስሪላንካ ሳፋየር ነበር። የመዘዞ ኦፓል ትርጉም ለእኔ ሌላ ነው፤ አያቶቻችን ከተራመዱበት ምድር ወጥቷል፤ ለእናት ወይም ለእህት ሐብል ሲሆን ከእርሱ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

ሳፋየር ስትገዙ ደረሰኙ ላይ ተፈጥሯዊ ወይም በፋብሪካ የተሠራ መሆኑ፣ የታከመበት መንገድና ክብደቱ በካራት ይጻፍ፤ ሻጩ ለመጻፍ ካቅማማ ሌላ ሱቅ አለ። ልባችሁ ከኦፓል ቀለበት አልላቀቅ ካለ ደግሞ አንጥረኛው የወርቁን ጠርዝ ከፈርጡ ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ይክበበው፤ ሥራ ስትጀምሩም አውልቃችሁ ለስላሳ ከረጢት ውስጥ አኑሩት።