ገመድ አልባው የራጅ ፓኔል ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ስለ ዕቃውና ይበልጡን ስለ ሥልጠናው

ጎንደር ውስጥ በምናስተዳድረው የምርመራ ማዕከል የፊልም ራጅን ትተን ገመድ አልባ ዲጂታል ፓኔል (ጨረሩን ተቀብሎ ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ሰሌዳ) መጠቀም ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ስለ ዕቃው የምለው አጭር ነው፤ ምስሉ በሴኮንዶች ውስጥ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ተዘግቷል፣ የማጠቢያ ኬሚካሎቹ የዴቬሎፐርና የፊክሰር ግዢም ቀርቷል። ፓኔሉ በፊልም መያዣው በካሴቱ ቦታ ስለሚገባ ነባሩን የራጅ ማሽን መቀየር አላስፈለገንም። ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አብሮት ስለመጣው ሥልጠና የታዘብኩት ይመስለኛል።

የአቅራቢው አሠልጣኝ ታካሚ እንዴት እንደሚመዘገብና ምስል እንዴት እንደሚላክ በሚገባ አሳይቶ ሄደ፤ ስለ ጨረር መጠን ግን ያለው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። በፊልም ጊዜ ጨረር የበዛበት ምስል ጠቁሮ፣ ያነሰበትም ነጥቶ ስለሚወጣ ባለሙያው ጉድለቱን ወዲያው ያየው ነበር። ዲጂታሉ ብርሃኑን በራሱ ስለሚያስተካክል ከሚገባው እጥፍ ጨረር ያገኘ ታካሚ ምስልም አምሮ ይታያል፤ ጨረሩ ሲያንስ ደግሞ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ስለሚበዛ ራዲዮሎጂስቱ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት ከወቀሳ መዳን የሚፈልግ ባለሙያ ሳይታወቀው መጠኑን ወደ ላይ እየገፋ ይሄዳል። ይህን የሚያጋልጠው ከምስሉ አጠገብ የሚታየው፣ ጨረሩ ከታለመው መጠን ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው የልዩነት ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት 0 ሲሆን መጠኑ ልክ ነው፤ ከዜሮ በላይ 3 ሲሆን ፓኔሉ ላይ የደረሰው ጨረር ከታለመው እጥፍ ሆኗል፣ ከዜሮ በታች 3 ሲሆን ደግሞ በግማሽ አንሷል። ከባለሙያዎቻችን አንዷ ይህን በወረቀት ጽፋ፣ ከሥሩ ለቀጭን፣ ለመካከለኛና ለወፍራም ታካሚ የሚሰጠውን መጠን አስፍራ መቆጣጠሪያው ላይ ለጥፋዋለች፤ ከመመሪያው መጽሐፍ ይልቅ የጠቀመን እርሱ ነው።

ሌላው ሥልጠናው ያልነካው የእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌሩ የልደት ቀን የሚቀበለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብቻ ሲሆን፣ እናት ግን ልጇ በ2010 የተወለደ መሆኑን የምትናገረው በእኛው ነው። ቁጥሩ እንዳለ ከገባ የልጁ ዕድሜ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል፤ የአጥንት ዕድገት የሚገመትበት የእጅ አንጓ ራጅ ከዚህ ዕድሜ ጋር ተነጻጽሮ ሲነበብም ጤናማው ልጅ የአጥንት ዕድገቱ የዘገየ ሊመስል ይችላል። የስሙም ነገር እንዲሁ ነው፤ «ጸሐይ»ን በላቲን ፊደል ሲያስገባ አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ ጀምሮ ስለሚጽፈው የአንድ ሰው የቀድሞ ምስል ሲፈለግ ይጠፋል። አሁን ፍለጋው ሁሉ በካርድ ቁጥር እንዲሆን ወስነናል።

ለምስል መሰረዣው ቁልፍም ገደብ ያስፈልጋል። የተበላሸ ፊልም ቅርጫት ውስጥ ይገኝ ነበር፤ የተሰረዘ ምስል ግን ዱካ ስለማይተው፣ ታካሚው ስንት ጊዜ እንደተነሣ የሚያውቅ አይኖርም። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ሳይመዘገብ ምስል አይሰረዝም። መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጥ ዩፒኤስ መግዛትም ግድ ነው።

ዕቃውን ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ። ውሉ ላይ ግን፣ ባለሙያዎቹ ለተወሰኑ ሳምንታት ከሠሩና ጥያቄያቸው ከበሰለ በኋላ አሠልጣኙ ተመልሶ እንዲመጣ፣ የመጨረሻው ክፍያም ከዚያ በኋላ እንዲፈጸም አስጽፋለሁ።