ላንካስተር፦ ለቦምቡ የተመቸ፣ ለሰባቱ ሰዎች ያልተመቸ አውሮፕላን

ሰባት ሰዎች የሚበሩበትን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ፣ አቭሮ ላንካስተርን፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ ለመገምገም የሚነሳ ሰው ከክንፉ በፊት ሆዱን ቢያይ ይሻላል። የቦምብ ክፍሉ 10 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠው ግድግዳ የለም። የዘመን ጓደኛው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ስተርሊንግ ሆዱ በየመሐሉ የተከፋፈለ ስለነበር ትልቅ ቦምብ አያስገባም። ላንካስተር ግን 1,800 ኪሎ የሚመዝነውን "ኩኪ" ከተቀጣጣይ ቦምቦች ጋር ይጭናል። ኋላም 5,400 ኪሎውን "ቶልቦይ" ተሸከመ፤ በመጋቢት 1945 ደግሞ የሆዱ በሮች ወልቀውለት 10 ቶን የሚጠጋውን "ግራንድ ስላም" አንጠልጥሎ በረረ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ በኩል ተወዳዳሪ አልነበረውም።

የተወለደው ከውድቀት ነው። ቀዳሚው ማንቸስተር ሁለት "ቫልቸር" ሞተሮች ነበሩት፤ እነሱም በበረራ ላይ እየተበላሹ ሠራተኛ ጨረሱ። ንድፍ አውጪው ሮይ ቻድዊክ ክንፉን አስረዝሞ አራት የሮልስ ሮይስ "መርሊን" ሞተሮች አስገባበት። የመጀመሪያው ናሙና ጥር 9 ቀን 1941 በረረ፤ በጠቅላላው 7,377 ተሠሩ፣ ከእነዚህ 430ዎቹ ካናዳ ውስጥ።

መርሊን ባለ 12 ሲሊንደር፣ 27 ሊትር፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ጉልበቱ አያሳማም። ችግሩ ማቀዝቀዣው ነው፦ ለመነሳት ተራ ሲጠበቅ መሬት ላይ ቶሎ ይግላል፤ አየር ላይ ደግሞ አንዲት ፍንጣሪ ራዲያተሩን ከበሳች ፈሳሹ ይፈሳል፣ ሞተሩም ከመቃጠሉ በፊት መጥፋትና ፕሮፔለሩ ነፋስ በማይዝበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ጉዳቱ በጉልበት ብቻ አይቆምም። መትረየሶቹ የተተከሉባቸው ተሽከርካሪ ማማዎች የሚዞሩት በሃይድሮሊክ ነው፤ ፓምፖቻቸውም በተለያዩ ሞተሮች ላይ የተሰቀሉ ናቸው። አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚያገለግለው ማማ አብሮ ይደነዝዛል፤ ተኳሹም በእጅ ማዞር ይጀምራል። በአየር የሚቀዘቅዝ "ሄርኩለስ" ሞተር ያለው ማርክ 2 የተባለው የላንካስተር ዓይነት ይህን የራዲያተር ጣጣ አያውቀውም፣ ግን የተሠሩት 300 ብቻ ናቸው።

ሲነሳ ወደ ግራ ይስባል። መፍትሔው የግራዎቹን ሞተሮች ጉልበት ከቀኞቹ ቀድሞ መጨመር፣ ጅራቱ ከመሬት እስኪለቅ በዚያ መያዝ፣ ከዚያም በመሪው ማረም ነው። አብራሪው ሁለት እጁ መሪው ላይ ሲያስፈልግ የጉልበት ማንሻዎቹን የበረራ መሐንዲሱ ከኋላ ተከትሎ ይረከባል። ሁለተኛ አብራሪ የለም፤ አብራሪው ከተመታ ተስፋው ይኸው መሐንዲስ ነው። ያው ሰው በስድስት የክንፍ ታንኮች ውስጥ ያለውን ወደ 9,790 ሊትር የሚደርስ ነዳጅ እየመዘገበ ያመጣጥናል። አንዴ አየር ላይ ከወጣ ግን መሪው ታዛዥ ነው፦ ተኳሹ ጠላት አይቶ ሲጮህ አብራሪው 30 ቶን የሚጠጋውን ብረት ወደ አንድ ጎን እየጠመዘዘ ቁልቁል ይጥለዋል፣ ገልብጦም ወደ ሌላው ጎን ያወጣዋል። ይህ የጠመዝማዛ በረራ ከመትረየሶቹ ይልቅ ብዙ ሰው አትርፏል ብንል አልተጋነነም፤ ስምንቱም መትረየሶች ባለ 7.7 ሚሊሜትር ናቸውና የጀርመን ተዋጊዎች ከያዙት 20 ሚሊሜትር መድፍ ጋር አይመጣጠኑም።

ውስጡ ሲገባ ግን ውዳሴው ያልቃል። ክንፎቹን የሚይዘው ወፍራም ወራጅ ወለሉን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከኋላ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው በላዩ መንፏቀቅ አለበት፤ የበረራ ልብስ ለብሶ፣ በጨለማ፣ ምናልባትም አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ። ከአፍንጫው ወለል ያለው ዋናው የማምለጫ ቀዳዳ ስፋቱ 56 ሴንቲሜትር ነው፤ የሌላው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ የሃሊፋክስ 61 ነበር። አምስት ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ደረቱ ላይ ፓራሹት ለታጠቀ ሰው ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። የጅራት ተኳሹ ነገር የባሰ ነው። ማማው ስለሚጠብበው ፓራሹቱ ከማማው ውጭ ይሰቀላል። ለመዝለል የኋላ በሮቹን ከፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ አውጥቶ፣ ደረቱ ላይ ቆልፎ፣ ማማውን ወደ ጎን አዙሮ፣ በጀርባው መውደቅ አለበት፤ ሃይድሮሊኩ ከሞተ ማዞሩ በእጅ ነው። የሙቀቱ አከፋፈልም ያስቃል፦ ሞቃት አየሩ የሚወጣው ራዲዮ ኦፕሬተሩ አጠገብ ስለሆነ እሱ ሲያልበው የኋላው ተኳሽ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ለብሶም ይንቀጠቀጣል።

ትልቁ ጉድለት ከሆዱ ሥር ነው። እዚያ ተኳሽ የለም፤ በብዙዎቹ ላይ ቦታውን ከታች ያለውን መሬት የሚያሳየው የኤች ቱ ኤስ ራዳር ጉልላት ይዞታል። ጀርመኖች ከ1943 ጀምሮ ወደ ላይ የሚተኩሱ መድፎች በሌሊት ተዋጊዎቻቸው ላይ ተከሉና በዚያ ዓይነ ስውር ቦታ ሥር እየገቡ ክንፉ ውስጥ ያለውን ነዳጅ መቱ። ከኋላ የሚመጣን ጠላት እንዲያስጠነቅቅ የተገጠመው "ሞኒካ" ራዳርም ራሱ ጠላት ጠሪ ሆኖ ተገኘ፤ በሐምሌ 1944 አንድ ዩንከርስ 88 የተባለ የጀርመን ሌሊት ተዋጊ ተሳስቶ እንግሊዝ ውድብሪጅ ሲያርፍ ሞኒካን የሚያነፈንፍ መሣሪያ ተገኘበት፣ ከዚያ በኋላ ሞኒካ ከላንካስተሮቹ ተነቀለ።

መዝገቡ ሁለቱንም ፊት ያሳያል። ሚያዝያ 17 ቀን 1942 በቀን ብርሃን ወደ አውግስቡርግ ከሄዱት 12 ላንካስተሮች 7ቱ አልተመለሱም። ከመጋቢት 30 እስከ 31 ቀን 1944 ሌሊት ኑረምበርግን ለመደብደብ ከተላኩት 795 አውሮፕላኖች፣ አብዛኞቹ ላንካስተሮችና ሃሊፋክሶች፣ 95ቱ ጠፉ። የአንድ ሠራተኛ የግዳጅ ዙር 30 ተልዕኮ ነበር፤ ከ125,000 ያህሉ የእንግሊዝ አየር ኃይል ቦምብ ጣይ ዕዝ በራሪዎች 55,573ቱ ሞተዋል። በአንጻሩ ኢዲ 888 የተባለው አንድ ላንካስተር 140 ተልዕኮ ፈጽሟል። በሚያዝያ 1945 መጨረሻም እነዚሁ ሆዶች ለተራቡት ሆላንዳውያን ምግብ ጥለዋል።

ዛሬ የሚበሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከእንግሊዝ ኮኒንግስቢ፣ ሌላው ከካናዳ ሃሚልተን። ቆሞ ለማየት ለንደን፣ ሄንደን ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም ይበቃል፤ አር 5868 የተባለው ላንካስተር እዚያ አለ። ጎብኚው ሁሉ አፍንጫው ላይ የተጻፈውን "የጠላት አውሮፕላን በጀርመን ሰማይ አይበርም" የሚለውን የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የጎሪንግን ዛቻና በተርታ የተሳሉትን የቦምብ ምልክቶች ፎቶ ያነሳል። ከዚያው አፍንጫ ሥር ጎንበስ ብሎ የቀዳዳውን ክዳን ያየ ደግሞ ትከሻውን ከስፋቱ ጋር ማስተያየት ይችላል።