ደብረ ማርቆስ ላይ የፍሬን ሸራና ዲስክ የገዛሁበት ሱቅ

ዓባይ በረሃን የሚመላለስ ሰው በፍሬን አይቀልድም ይባላል። እኔ እስከ አምና ድረስ ስቀልድ ነበር። የቶዮታ ያሪስ መኪናዬ የፊት ፍሬን ሸራ አልቆ መጮህ ሲጀምር አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን ልተወው፣ ሸራውን ብቻ ቀየሩልኝ፣ ሸራው ጨምቆ የሚያቆመውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ ዞር ብሎ ያየው የለም፣ እኔም በርካሽ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከነቤተሰብ፣ ኩንታል ጤፍ ጭነን፣ ከደጀን ወደ ድልድዩ ስንወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው እንግዲህ። ግማሽ ላይ ሽታ መጣ። ባለቤቴ "ከፊታችን ያለው መኪና ነው" አለች። የእኛው ነበር። ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አልሰማም አለ። በከባድ ማርሽ እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩና እስኪበርድ ጠበቅን። ዝንጀሮዎቹ ሙዝ የመጣላቸው መስሏቸው ከበውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ሱቅ ያገኘሁት። ከመነኸሪያው ብዙ የማይርቅ ጠባብ ቤት ነው፣ ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። "አያ፣ የያሪስ ሸራ አለ?" ስላቸው መልሳቸው "ሊብሬህን አምጣ" ነበር። ያሪስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በምርት ዓመቱና በሞተሩ የዲስኩ ስፋትም ውፍረቱም ይለያያል፣ ስለዚህ ሊብሬው ላይ ባለው የሻንሲ ቁጥር ነው የሚፈለገው። ቀጥለው ደግሞ የድሮውን ዲስክ አስፈትቼ እንዳመጣ አዘዙኝ። ተናደድኩ፣ ግን አመጣሁ።

ዲስኩ ላይ ትንሹ የተፈቀደ ውፍረት ተቀርጿል። የእኔው ላይ 20 ሚሊ ሜትር ይላል። በቬርኒየር (የውፍረት መለኪያ) ሲለኩት አንዱ ቦታ 19.2፣ ሌላው ቦታ 19.4 ሆነ። መሪውን ያንቀጠቀጠው ይሄው ወጣ ገባ መሆኑ ነው። "የሞተ ዲስክ ላይ ነው አዲስ ሸራ ያሰሩልህ" አሉኝ። ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስጄ ላስተካክለው ብላቸው ሳቁ፦ ቶርኖ ይበልጥ ያሳሳዋል እንጂ አያወፍረውም።

ሸራው ላይ ስንመጣ ሦስት ካርቶን ደረደሩ። እኔ "ኦርጅናሉ የቱ ነው?" ስል እሳቸው "ካርቶን ማንም ያትማል" ብለው ሸራውን አወጡና ጠርዙን አሳዩኝ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት የላቲን ፊደል አለ፤ የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ዝቅተኛ፣ ኤፍ መካከለኛ፣ ጂ ከፍ ያለ ነው። ርካሹ ኤፍኢ ይላል፣ ሲግል ይደክማል ማለት ነው። "ለማርቆስ ከተማ ይበቃሃል፣ ለዓባይ አይሆንም።" ኤፍኤፍ ወሰድኩ። ፊደሉንም ቢሆን አስመስሎ የሚያትም አይጠፋም፣ ስለዚህ የሚታመን ሻጭ አሁንም ያስፈልጋል። ሴራሚክ የሚባለው ሸራ ጸጥ ያለና አቧራው ትንሽ ነው ይባላል፣ ዋጋውን ስሰማ ግን ተውኩት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የሚያምረውን ዲስክ ስጠይቅ ደግሞ "ጤፍ ለሚጭን ሰው?" አሉኝ። ሲግል ስንጥቁ የሚጀምረው ከቀዳዳው ነው አሉ።

የፍሬን ዘይቱንም እንድቀይር ያስገደዱኝ እሳቸው ናቸው። ዘይቱ በጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል፣ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ አረፋ ሲሆን ፔዳሉ ይሰምጣል። የእኔው ጉድ ይሄው ነበር።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ዋጋው ከሜርካቶ ይወደዳል። ዲስኩ ስላልነበራቸው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅኩ። በ21 ሄጄ ማርያም ናት ተብሎ ዝግ ነበር። የኋላ የታምቡር (ከበሮ መሰሉ ፍሬን) ሸራ አይዙም። ሰውዬው ደግሞ አይቸኩሉም፤ ግማሽ ቀን የሌለው ሰው ባይሄድ ይሻለዋል። እሳቸው አይገጥሙም፣ አንድ መካኒክ ጠርተው ቆመው ያዩታል እንጂ፦ የዲስኩን መቀመጫ ዝገት በብሩሽ አስጠረጉት፣ አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውን ዘይት አስወለወሉት፣ ሸራውን የሚይዘውን ካሊፐር በፍሬን ዘይት ቱቦው አንጠልጥሎ ሊተው ሲል ጮኹበት። ግራና ቀኙ አብሮ ነው የሚቀየረው፣ አንዱን ብቻ ልቀይር ለሚል ደንበኛ አይሸጡም።

መጀመሪያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በድንገት አትርገጥ ስላሉኝ ፍኖተ ሰላም ድረስ ቀስ እያልኩ ደርሼ መጣሁ። ለፋሲካ እንደገና ከደጀን ወረድን፣ እንደገና ጤፍ ጭነን። መሪው ዝም አለ። ግማሽ ላይ ሽታ መጣ። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከፊታችን ያለው መኪና ነበር።