ስታዲየም አካባቢ የትምህርት ቤት ማልያ ለምታሠሩ

የስፖርት መምህር ነኝ። የማስተምረው ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ዓምና የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን የወንዶቹን ማልያ ተውሶ ተጫወተ፤ ያውም ወንዶቹ ጨዋታ ጨርሰው እንዳወለቁት፣ ላቡ ሳይደርቅ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ዘንድሮ በጀቱ እንደተፈቀደ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ የስፖርት ሱቅ ሞልቷል። ከዚህ በፊት ያሠራሁበት ሱቅ የለጠፈው ቁጥር ሦስቴ ሲታጠብ ተላጦ፣ 8 ቁጥሩ 3 መስሎ ዳኛው ተቸግሮ ነበር። ስለዚህ አሁን ገባ ያለች ጠባብ ሱቅ ሞከርኩ። ልጁ "ለትምህርት ቤት ነው" ስለው ወንበር ሰጠኝና ማልያውን ማን እንደሚያጥበው ጠየቀኝ። ተለጣፊው ቁጥር ፍል ውሃ ሲነካው ይላቀቃል፤ ቀለሙ ክሩ ውስጥ የሚገባው ህትመት ግን አይላጥም፣ ነጣ ያለ ፖሊስተር ጨርቅ ብቻ ይፈልጋል እያለ ሁለቱንም በእጄ አስነካኝ። ቢጫ የመረጥነው ለዚህ ነው።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። "ቲቸር፣ ሊቤሮዋስ?" አለኝ። ረስቻት ነበር! ሊቤሮ፣ ከኋላ ሆና የምትከላከለዋ ተጫዋች፣ ከቡድኗ የተለየ ቀለም መልበስ አለባት፤ ለብቻዋ ሰማያዊ ሠራላት። ሂጃብ ለሚለብሱት ልጆቻችንም በዚያው ዋጋ እጅጌውን አስረዘመው።

ቀጠሮ ላይ ግን አልወደድኩትም። ሦስት ቀን ብሎ አምስት ቀን ፈጀ። የሁለት ሌሊት አልጋ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ደመወዜ ደግሞ የመምህር ነው። ስትሄዱ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የማስረከቢያውን ቀን ደረሰኙ ላይ አጽፉ። ፕሮፎርማችሁንም ቀድማችሁ ሰብስቡ፣ ፋይናንስ ያለ ሦስት አይቀበልም።

ስጠብቅ ስታዲየሙን ዞርኩት። ብሔራዊ ቡድናችን በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው እዚህ ነው። ልጆቹን ይዣቸው በመጣሁ ብዬ ተመኘሁ።

ኳስ ግን ሳታስነፉ አትግዙ፤ አንዱ ስፌቱ ላይ ሲያስተነፍስ አግኝቼ እዚያው አስቀየርኩ።

ማልያውን ሳድል የሴቶቹ አምበል ቁጥሯን በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። ቀና ብላ አየችኝና ደግማ ፈቀፈቀችው። አልተላጠም።