አምስቱ ላስቲኮች ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የት ያሠራሉ፣ የት ይለግማሉ

ይህ ግምገማ እጀታ ስለሌለው፣ ክብ ሆኖ ስለተሠራው የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) የስፖርት ላስቲክ ነው። ጠፍጥፎ ሲዘረጋ 104 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስብስቡ አምስት ፍሬ አለው፤ የሚለያዩት በስፋት ብቻ ነው፦ 13፣ 22፣ 32፣ 45 እና 64 ሚሊ ሜትር። አብሮት በር ላይ የሚያዝ ማሰሪያ ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ 2 ኪሎ ስለማይሞላ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በቀላሉ ቦታ ያገኛል። ብረት አምጡልን ብሎ የሚያስቸግር ግን የለም።

ፍርዴን ላስቀድም። ለደረት፣ ለጀርባ፣ ለትከሻና ለክንድ ጂም ሳይኬድ ጡንቻ ለመገንባት ይበቃል። ለእግር ብቻውን አይበቃም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የላስቲክን ጫና የሚወስነው ቀለሙ ሳይሆን የተሳበበት ርቀት ነው። ርቀቱን የማይለካ ሰው በየሳምንቱ እያላበው እዚያው ይረግጣል፤ ላስቲክ አይሠራም የሚለው ቅሬታም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

የታተመው ኪሎና እውነተኛው ጫና

በ22 ሚሊ ሜትሩ ላይ ብዙ ጊዜ «ከ10 እስከ 30 ኪሎ» ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ይታተማል። ትንሹ ቁጥር ላስቲኩ መወጠር ሲጀምር ያለው ነው፤ ትልቁ ቁጥር ላስቲኩ የራሱን ርዝመት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ሲደርስ የሚገኝ ነው። ላስቲኩን ረግጣችሁ ቆማችሁ ክንድ ስታጥፉ እጃችሁ እዚያ አይደርስም፤ ከእግር እስከ ትከሻ ያለው ርቀት የላስቲኩን ርዝመት በአንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚበልጠው። ስለዚህ በዚያ እንቅስቃሴ 30 ኪሎ የለም።

እውነተኛውን ለማወቅ እስከ 50 ኪሎ የሚያነብ ዲጂታል የሻንጣ ሚዛን ይበቃል። የላስቲኩን አንድ ጫፍ በበሩ ማሰሪያ አጥልቁ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥሉ፣ ወለሉ ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉና ወደ ኋላ እየሄዳችሁ የሚነበበውን ጻፉ። የሚዛኑ መንጠቆ ቀጭን ብረት ስለሆነ ጎማውን በቀጥታ እንዳይነክሰው በመሃል አጭር ገመድ አስገቡ። ከመለካታችሁ በፊት አዲሱን ላስቲክ አሥር ጊዜ ያህል እጥፉ እስኪሆን ሳቡት። ጎማ በመጀመሪያዎቹ መሳቦች ይላላል፣ ከዚያ ይረጋል፤ ሳይላላ የተለካ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ያታልላል።

ርዝመትና ውፍረት እኩል ሲሆኑ ጫናው ከስፋቱ ጋር ይሄዳል። ይህን ስሌት የያዘ ሰው የስብስቡን ትልቁን ጉድለት ያያል፦ ደረጃዎቹ ተራርቀዋል። ከ22 ወደ 32 መዝለል ጫናውን በአንድ ጊዜ 45 በመቶ ገደማ መጨመር ነው፤ በጂም እንዲህ የሚጨምር አሠልጣኝ የለም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ማጣመር፦ 13 ከ22 ጋር 35 ይሆናል፣ 22 ከ32 ጋር 54 ይሆናል፤ በየመሃሉ ደረጃ ተገኘ ማለት ነው። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ርቀት መጨመር ነው። የቤታችሁ ወለል ሴራሚክ ከሆነ መስመሩ ራሱ ማስመሪያ ነው፤ ዛሬ ሦስተኛው መስመር ላይ ከቆማችሁ፣ ሲቀልላችሁ በግማሽ ሴራሚክ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ሲሚንቶ ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ ያው ነው። የላስቲኩን ስፋት፣ የቆማችሁበትን መስመርና የድግግሞሹን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሦስቱ ሳይጻፉ እድገት አይታወቅም።

ሲጀምር ቀላል፣ ሲጨርስ ከባድ

ብረት ከታች እስከ ላይ ያው ክብደት ነው። ላስቲክ ግን መነሻው ላይ ይለግማል፣ መጨረሻው ላይ ይከብዳል። ይህ ባሕርይ ለአንዳንድ እንቅስቃሴ ልክ ነው፣ ለአንዳንዱ ጠላት ነው። ከታች ስንነሣ ደክመን ወደ ላይ ስንቀና የምንበረታባቸው እንቅስቃሴዎች፣ ማለትም ፑሽ አፕ፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ መነሣት፣ ከላስቲክ ጋር ይስማማሉ። ወደ ኋላ መሳብ ወይም ሮው ግን በተፈጥሮው እጅ ጎድን ሲደርስ የምንደክምበት ነው፤ ላስቲክ ደግሞ እዚያው ላይ ይጨምርበታል። ውጤቱ፣ ጡንቻው በተዘረጋበት ቦታ ምንም አይሠራም፣ በተሰበሰበበት ቦታ ይቆማል።

ለጡንቻ እድገት የተዘረጋው ቦታ ትልቅ ድርሻ ስላለው ይህን ችላ ማለት አይገባም። ሮው ስትሠሩ እጃችሁ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ላስቲኩ አስቀድሞ የተወጠረ እስኪሆን ወደ ኋላ ሂዱ። ለዚህ ከለመዳችሁት ቀጠን ያለ ላስቲክ ያስፈልጋል፤ ወፍራሙን አላልቶ ከመያዝ ቀጭኑን አጥብቆ መያዝ ሁልጊዜ ይሻላል፣ ምክንያቱም በመነሻና በመጨረሻው መካከል ያለው የጫና ልዩነት ይጠባል። እጃችሁ ጎድን መድረስ ሲያቅተው ዙሩን አታቁሙ፤ ከተዘረጋው እስከ ግማሽ ድረስ አራት አምስት ጊዜ ጨምሩ። ስትመልሱ ሦስት ሰከንድ ውሰዱ። ላስቲክ ሲመለስ ይጎትታል፣ ብዙ ሰውም ዝም ብሎ ይለቅለታል፤ የሥራው ግማሽ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ፑሽ አፕ ላይ ይህ ስብስብ ዋጋውን ይመልሳል። ተራ ፑሽ አፕ ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ያሸክማል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 45 ኪሎ ያህል ነው። 30 ድግግሞሽ ለደረሰ ሰው ግን ይህ ጽናት እንጂ ጡንቻ መገንቢያ መሆኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ላስቲኩን በጀርባ፣ በብብት ስር አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፎች በመዳፋችሁ ስር ያዙ። 22ቱ ወደ አንገት ይሸሻል፤ ከጀርባ ላይ ቢጠላለፍና መስቀለኛ ቢሆን ይቆማል። ከታች የሚቀልለውን ለማካካስ መዳፋችሁን ሁለት ጠንካራ ወፍራም መጻሕፍት ወይም ብሎኬቶች ላይ አድርጉ፣ ደረት በመሃላቸው ዝቅ ይበል። በ2015 የታተመ ጥናት በላስቲክ የተጠናከረ ፑሽ አፕንና ቤንች ፕሬስን (ተንጋሎ ብረት መግፋትን) ለአምስት ሳምንት አነጻጽሮ፣ ጡንቻው የሚሠራው ሥራ እኩል ሲሆን የጥንካሬው ጭማሪ ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል።

ለትራይሴፕስ (ለክንድ የኋላ ጡንቻ) ማሰሪያውን በበሩ አናት አድርጎ ወደ ታች መግፋት፣ ለኋለኛው ትከሻ ላስቲኩን ወደ ገጽ መሳብ፣ ለባይሴፕስ (ለክንድ የፊት ጡንቻ) ረግጦ ማጠፍ፣ ሁሉም በ13ቱና በ22ቱ ያልቃሉ። ክንድን ወደ ጎን ማንሣት ግን በላስቲክ አይመችም፤ ክንዱ ትከሻ ላይ ሲደርስ ክብደቱም ላስቲኩም አብረው ይከብዳሉ፣ ከታች ደግሞ ባዶ ነው። ማሰሪያውን ከጉልበት ከፍ አድርጎ ከጎን መሳብ ጥቂት ያስተካክለዋል።

እግር ላይ ልዘርዝር፤ የሚሸጡት ሰዎች እዚህ ላይ ያጋንናሉ። 64ቱን ረግጦ በትከሻ ተሸክሞ ስኳት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ጎማው አንገት ይጫናል፣ ይጠቀልላል፣ ከታች ሲቀመጡም ይላላል። የተሻለው በአንድ እግር መሥራት ነው፦ የኋላውን እግር ወንበር ላይ አድርጎ በፊተኛው ዝቅ ማለት፣ 22ቱን ረግጦ በእጅ ይዞ። እዚህ ላይ ሥራውን የሚሠራው የራስ ክብደት ነው፣ ላስቲኩ ተጨማሪ ነው። ለጭን ጀርባ 45ቱን ረግጦ ከዳሌ ጎንበስ ብሎ መነሣት ጥሩ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሴራሚክ ላይ ተንጋሎ፣ ተረከዝን ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ መቀመጫን አንሥቶ እግርን ማንሸራተት። ይህ ምንም ላስቲክ አይፈልግም፣ ግን ከማንኛውም የላስቲክ ሥራ ይበልጥ ያቃጥላል።

በሳምንት ሦስት ቀን መላ ሰውነት መሥራት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ዙር፣ በዙር ከ10 እስከ 20 ድግግሞሽ፣ በመካከል ሁለት ደቂቃ እረፍት። ዙሩ የሚያበቃው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲቀራችሁ ነው፤ ቀላል ጫና ጡንቻ የሚያሳድገው ወደ መዛል ተጠግቶ ሲሠራ ብቻ ነውና። ሦስቱም ዙር 20 ሲደርሱ በግማሽ ሴራሚክ ወደ ኋላ። ምግቡም አብሮ ይታሰብ። በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ጥሩ ግብ ነው፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን 104 ግራም መሆኑ ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል (አንዱ 6 ግራም ያህል አለው) ያግዛል። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ግን ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ኦቾሎኒ መጠናቸው ካልተጨመረ አይደርስም። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ይሰጣል፤ እንጀራው ላይ የሚጨለፈው ወጥ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ምስር ነው ያለው።

በሩ

ማሰሪያውን ስትጠቀሙ የምትቆሙት በሩ ከእናንተ በሚሸሽበት፣ ማለትም ገፍታችሁ በምትከፍቱበት በኩል ነው። ያን ጊዜ ስትስቡ በሩ መቃኑ ላይ ይጠብቃል። በተቃራኒው ከቆማችሁ ጫናውን ሁሉ የሚሸከመው የቁልፉ ምላስ ነው፤ በቀላል እንጨት የተሠራ የኮንዶሚኒየም የውስጥ በር ይህን አይችልም። ምርጫ ከሌለ ቆልፉና ማሰሪያውን በማጠፊያው በኩል አድርጉ። የላሜራ በር ጠርዝ ስለታም ነው፣ ማሰሪያውን ይበላዋል፤ ጨርቅ ይደረብበት። በመስኮት ብረት ላይ ላስቲኩን በቀጥታ ማሰር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። የብየዳው ቅሪት ጎማ ይቀድዳል፣ ከጠርዝ የጀመረ ቅድ ደግሞ በሚቀጥለው መሳብ ይሮጣል።

ምን ያረጃቸዋል

ላቴክስን የሚያበላሹት ፀሐይ፣ ኦዞን፣ ሙቀትና ቅባት ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ጠንካራ ነው፤ በረንዳ ላይ ከልብስ ጋር የሚሰጣ ላስቲክ ቶሎ ይደርቃል። ይበልጥ የሚዘነጋው ቅባቱ ነው። ገላ ታጥቦ ቫዝሊን የተቀባ እጅ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ በኋላም ያዳክመዋል። ስለዚህ ቅባት ከስፖርት በኋላ። በለብታ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ የሕፃን ፓውደር ወይም የበቆሎ ዱቄት ነስነስ አድርጎ በከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል። የአዲሱ ጎማ ሽታ ነፋስ ባለበት ጥላ ቦታ ከሰነበተ ይጠፋል።

ከሥራ በፊት ሁሉ ላስቲኩን ትንሽ ወጥራችሁ በጣት ዳብሱ። ጥቃቅን መሰንጠቅ፣ የጠርዝ ቅድ፣ ወይም ንብርብሩ መላቀቅ ከታየ ይጣል፤ በፕላስተር አይጠገንም። በንብርብር የተሠራው ከመበጠሱ በፊት መላላጡ ያስጠነቅቃል፣ በአንድ ወጥ የተቀረጸው ግን በአንዴ ሊሄድ ይችላል። የሚረገጠው ላስቲክ በጫማ፣ በእግር መሐል እንጂ በጣት በኩል አይሁን፤ ከእግር ያመለጠ ላስቲክ አቅጣጫው ወደ ፊት ነው፣ ዓይን ይጎዳል። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ዕቃ አይንካው፣ ላቴክስ የሌለበት ዓይነት አለ።

ከሰፈር ሲሚንቶ ጋር

ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ በቧንቧ የሚሠራው የሰፈር ክብደት ርካሽ ነው፣ ክንድን ወደ ጎን ለማንሣትም ከላስቲክ ይሻላል። ነገር ግን አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም፣ የላይኛው ፎቅ ላይ ሲያስቀምጡት ደግሞ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ይጮኻል። ላስቲክ ድምፅ የለውም፤ ሌሊት ልጅ በተኛበት ክፍል ይሠራል።

እጀታና መንጠቆ ያለውን የቱቦ ዓይነት አልመክርም፤ የሚበጠሰው ቱቦው ከመንጠቆው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፣ ያ ቦታ ደግሞ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አይታይም። ለእጅ እንዲመች ሁለት አጫጭር የቧንቧ ቁራጭ በላስቲኩ ላይ ማጥለቅ ይቻላል፣ ጫፋቸው በሚገባ ከተሞረደ። በፍሬ የሚሸጥ ካገኛችሁ አንድ 13፣ ሁለት 22፣ አንድ 32 እና አንድ 45 ግዙ። 64ቱ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ገና ላልቻለ ሰው ደጋፊ ከመሆን በቀር ብዙ ጊዜ ከከረጢቱ አይወጣም።