ማስተርስ፦ ማሃሪሺ፣ ኦንላይን ወይስ እዚሁ አዲስ አበባ?

ሶፍትዌር ላይ ሁለት ሶስት አመት የሰራ ልጅ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ማስተርሴን የት ልማር የሚለው ጥያቄ ላይ ይደርሳል። እኔም አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ስህተቴ ምን ነበር፣ "የቱ ጋ ነው ትምህርቱ የሚሻለው" እያልኩ ነበር የማነጻጽረው፣ በኋላ ሲገባኝ ግን ዋናው ልዩነት ዶላሩን መቼና ከየት ነው የምትከፍሉት የሚለው ነው።

በማሃሪሺ ልጀምር፣ አሜሪካ ያለው ማሃሪሺ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ (ኤም አይ ዩ) የሄደ ጓደኛ የሌለው ዴቨሎፐር አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አዮዋ፣ ፌርፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያለው። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፣ የምትማሩት ግን በአብዛኛው ሶፍትዌር መስራት ነው። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ትንሽ ከፍላችሁ፣ ቀሪውን በብድር ትገባላችሁ፣ ስምንት ዘጠኝ ወር ካምፓስ ሆናችሁ አንድ ኮርስ ብቻ በአንድ ጊዜ ትማራላችሁ፣ አንዱ ኮርስ በወር ገደማ ስለሚያልቅ ሁለት ቀን ከታመማችሁ ብዙ ነው የሚያመልጣችሁ፣ ከዛ ሲፒቲ በሚባለው፣ ተማሪ ሳይመረቅ እንዲሰራ በሚያስችለው ፈቃድ ደሞዝ ያለው ስራ ይዛችሁ የቀረውን ኮርስ በርቀት ትጨርሳላችሁ፣ ብድሩም ከደሞዛችሁ ይከፈላል። ዶላር ቀድሞ ለሌለው ሰው እንዲህ አይነት በር ብዙ ቦታ አይገኝም።

ግን ስራውን የምትፈልጉት ራሳችሁ ናችሁ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ስራ ቢዘገይ ብድሩ አብሯችሁ ይጠብቃል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ሙሉ ሰአት ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ በዛው ማስተርስ ኦፒቲ (ከተመረቁ በኋላ የሚሰራበት ፈቃድ) መጠየቅ አይቻልም፣ ስለዚህ ቶሎ ኤች ዋን ቢ (አሰሪ የሚጠይቅላችሁ የስራ ቪዛ) ውስጥ መግባት አለባችሁ፣ የሱ ኮታ ደግሞ በአመት 65,000 ነው፣ አሜሪካ ማስተርስ ለያዘ ሌላ 20,000 አለ። የተማሪ ቪዛው ማመልከቻ ራሱ 185 ዶላር፣ ሴቪስ የሚባለው የተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ 350፣ የቪዛውን ቢከለክሏችሁም አይመልሱላችሁም። በቀን ሁለቴ ሜዲቴሽንም አለ፣ እነሱ ሃይማኖት አይደለም ይላሉ፣ ቅር የሚለው ሰው ከመሄዱ በፊት ከራሱ ጋር ይጨርስ። ምግቡ ቬጀቴሪያን ነው፣ ሁዳዴ ለለመደ ምንም አይደለም።

ኦንላይን ስል አሜሪካ ያለውን የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ነው። ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ አለ፣ 10 ኮርስ፣ ጠቅላላው ከ10 ሺህ ዶላር በታች፣ ዲፕሎማው ላይም ኦንላይን የሚል ነገር የለም። ቪዛ አያስገኝም፣ እሱን እርሱት። መግባቱ ብዙ አያስቸግርም፣ መውጣቱ ነው፣ በመጀመሪያው አመት ሁለት መሰረታዊ ኮርሶች ቢ እና ከዛ በላይ ካላመጣችሁ አትቀጥሉም። ክፍያው በየሴሚስተሩ በዶላር ነው፣ በእኛ ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 ሲያልፍ በብር ደሞዝ አቅዶ የነበረ ሰው ምን እንደሆነ አስቡት። ፈተናው ደግሞ በካሜራ ነው የሚጠበቀው፣ መሀል ላይ መብራት ሲሄድ የሚሰማችሁን አልነግራችሁም።

እዚሁ ከሆነ ቂሊንጦ ያለው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጋት የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ክፍያው በብር ስለሆነ ብቻ ጭንቀቱ ግማሽ ነው። ችግሩ ቴሲስ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ነው። አንድ የስራ ባልደረባዬ፣ ግቢውን አልጠራም፣ ኮርሱን በአመት ተኩል ጨርሶ ለቴሲሱ ሌላ ሁለት አመት አለቀ፣ አድቫይዘሩ ስልክ አያነሳም ነበር። ማስተማር ወይ ፒኤችዲ ለሚፈልግ ግን እኔ ይሄን ነው የምለው፣ ቴሲስ መጻፉ ራሱ ይጠቅመዋል።

ጀርመንን የምትጠይቁኝ አላችሁ፣ አብዛኛው የመንግስት ዩኒቨርሲቲ በነጻ ነው፣ ግን ለቪዛው ሲባል የኑሮ መሸፈኛ ተብሎ በዝግ አካውንት የሚቀመጠው 11,904 ዩሮ ከየት ይመጣል፣ ዘመድ ከሌላችሁ ከባድ ነው።

ባጭሩ ለመሄድ ቆርጣችሁ እጃችሁ ላይ ዶላር ከሌለ ማሃሪሺ፣ ዶላር የሚከፍል ስራ ካላችሁ ኦንላይን። እኔ ሪሞት ስለምሰራ ሁለተኛውን ይዤ ሶስተኛ ኮርስ ላይ ነኝ። ባለቤቴ "ቅዳሜን ብቻ አትንካብኝ" ብላኝ ነበር፣ ቅዳሜም ተነክቷል።