ሚኪ ቶምፕሰን ኢቲ ስትሪት ኤስ/ኤስ፦ ለመንገድም ለድራግ ሬስም የሚሆን ጎማ ሲመዘን

የመንገድ መኪናውን አሻሽሎ ድራግ ሬስ (402 ሜትር ገደማ የሆነ የቀጥታ መንገድ የፍጥነት ውድድር) የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው ሞተሩ ላይ ነው። ቱርቦ ያስገባል፣ ኢንጀክተር ይቀይራል፣ ኮምፒውተሩን ያስተካክላል። መነሻው ላይ ሲደርስ ግን ጎማው ባለበት ይሽከረከርና ያ ሁሉ ጉልበት ጭስ ሆኖ ይቀራል። ኢቲ ስትሪት ኤስ/ኤስ ለዚህ ችግር የተሠራ ድራግ ራዲያል፣ ማለትም ለድራግ ሬስ የተዘጋጀ ለስላሳ ላስቲክ ያለው ራዲያል ጎማ ነው። የአሜሪካው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት (ዶት) ማኅተም ስላለው መንገድ ላይ ይነዳል፤ ውድድሩ ቦታ ሲደረስ ጎማ መቀየር ሳያስፈልግ በዚያው ይሮጣል። አምራቹ ድርጅት ስሙን የወረሰው በ1960 ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ400 ማይል በላይ ከነዳው ሚኪ ቶምፕሰን ነው።

ጎማው ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የሚነግራችሁ ከሩጫ በኋላ የሚሰጠው የሰዓት ወረቀት ነው። ሁለት ቁጥሮችን ተመልከቱ፦ የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማ (18 ሜትር ገደማ) ሰዓትና የመጨረሻውን ፍጥነት። የመጨረሻው ፍጥነት የሞተሩን ጉልበት ያሳያል፤ የ60 ጫማው ሰዓት ደግሞ ጎማውና እገዳው (ሾክ አብዞርበርና ሞላውን የያዘው ክፍል) የሠሩትን ያሳያል። ለምሳሌ ወረቀቱ ላይ 60 ጫማው 2.10፣ 402 ሜትሩ 13.4 ሰከንድ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ቢል፣ ጉልበቱ አለ፤ መሬት የሚይዝ ጎማ ነው የጠፋው። መነሻው ላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ 0.1 ሰከንድ መጨረሻው ላይ ከ0.15 እስከ 0.2 ሰከንድ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ 2.10ን ወደ 1.80 ማውረድ ብቻ ያንኑ መኪና ከ13 ሰከንድ በታች ያወርደዋል፤ ለዚህ ደግሞ አንድ የፈረስ ጉልበት መጨመር አያስፈልግም። በተቃራኒው 60 ጫማችሁ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ይህን ጎማ አትግዙ፤ ችግራችሁ ሌላ ቦታ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር መሃል ላይ የተቀመጠ ጎማ ነው። የዚያው ድርጅት ኢቲ ስትሪት አር ቦዩ (ውሃ እንዲያሳልፍ ጎማው ላይ የተቆረጠው መስመር) በጣም ጥቂት ስለሆነ መነሻ ላይ የበለጠ ይነክሳል፤ ነገር ግን እርጥብ አስፋልት ላይ የሚያስፈራ ነው። ኒቶ ኤንቲ555አር ረዘም ያለ ዕድሜ አለው፤ አያያዙ ግን ዝቅ ይላል። ቶዮ አር888አር ምርጥ ጎማ ቢሆንም ጎኑ ጠንካራ ነው፤ የተሠራው ለመታጠፊያ እንጂ ለቀጥታ ሩጫ አይደለም። እውነተኛው ስሊክ (ቦይ የሌለው የውድድር ጎማ) ሁሉንም ይበልጣል፤ መንገድ ላይ ግን አይነዳም።

መጠን ስትመርጡ ቸርኬው በፈቀደ መጠን ከፍ ያለ ጎን ያለውን ውሰዱ። ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ የመነሻውን ድንጋጤ ስለሚውጥ ይቅር ባይ ነው፤ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ላይ ያለው ቀጭን ጎን ግን ትንሽ ስህተትንም አያልፍም። በዚህ መስክ የተለመደው መጠን 275/60አር15 ሲሆን ቁመቱ 28 ኢንች ያህል ነው። ባለ 15 ቸርኬ ትልቅ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ላይ አይገባምና የፍሬን ካሊፐሩን ቦታ ሳትለኩ አትዘዙ። ቁመቱ የማርሹን ርቀትም ይለውጣል፦ ከ26 ኢንች ወደ 28 ብትወጡ 4.10 የነበረው ዲፈረንሻል 3.81 እንደሆነ ያህል ይሠራል፤ ዳሽቦርዱ 100 ሲል መኪናው በእውነቱ 108 ገደማ እየሄደ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያላችሁ ደግሞ አራቱንም በእኩል ቁመት ካልገዛችሁ መሃል ያለውን ዲፈረንሻል ታቃጥሉታላችሁ።

ጎሚስታው ጋ አንድ ነገር አስጠንቅቁ፦ ጎማውን ቸርኬ ላይ ለማስገባት የሚቀባው ሳሙና ይነስ። ከገባ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን ሳይሮጥ ይደር። ሳሙናው ሳይደርቅ ከተነሣችሁ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፤ ባላንሱ ይበላሻል፤ ከባሰም ንፋስ ያመልጣል። መዞሩን ለማወቅ ጎማውና ቸርኬው ላይ አንድ ቀጥ ያለ የጠመኔ መስመር አስምሩና ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ተመልከቱት። ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ቀለበት) ከተጠቀማችሁ ዳዶው ብሎኑ ላይ የገባበት ጥልቀት ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ይሁን፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ብሎን 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ንፋስ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። ስሊክ ላይ የሰማውን 10 ወይም 12 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ራዲያል ላይ ይሞክራል። የራዲያል ጎን እንደ ስሊክ አይጨማደድም፤ ንፋሱ ከመጠን በላይ ሲወርድ መሃሉ ወደ ላይ ይነሣና መሬት የሚነካው ዳርና ዳሩ ብቻ ይሆናል። 1500 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን መኪና ከ18 እስከ 20 ፒኤስአይ ጀምሩ፣ በእያንዳንዱ ሩጫ አንድ አንድ እየቀነሳችሁ 60 ጫማውን ጻፉ፤ መሻሻሉ ሲቆም አንድ መልሱ። ከ15 በታች መውረድ ትርፉ መጨረሻው መስመር ላይ መወላገድ ነው። ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ ለኩ፤ እስከ 30 ፒኤስአይ ብቻ የሚያነበው ዓይነት ከነዳጅ ማደያው የበለጠ ይታመናል። ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አንዱ ጎን ፀሐይ ከመታው የዚያ ጎን ንፋስ ስለሚጨምር መነሻው ጋ ስትደርሱ እንደገና አስተካክሉ። ውጤቱን መሬቱ ላይ ከቀረው ጥቁር መስመር ማንበብ ይቻላል፦ ዳሩ ጠቁሮ መሃሉ ከሳሳ ንፋሱ አንሷል፤ መሃሉ ብቻ ከጠቆረ በዝቷል። ወደ ቤት ስትመለሱ ወደ መንገዱ መጠን መመለስ እንዳይረሳ።

በርንአውት (ከሩጫ በፊት ጎማውን ባለበት አሽከርክሮ ማሞቅ) ላይ ይህ ጎማ ብዙ አይፈልግም። ቦዮች ስላሉት ከመነሻው በፊት ለበርንአውት የተረጨው ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ውሃ ተሸክሞ ፓራፋንጎው ውስጥ ይረጭና መነሻው መስመር ላይ ይንጠባጠብባችኋል፤ ከኋላችሁ ያሉትም አያመሰግኗችሁም። በጎኑ ዞራችሁ እለፉ፣ ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ የእርጥቡን ጠርዝ ብቻ ንኩ። ትራክሽን ኮንትሮል ጠፍቶ፣ በሁለተኛ ማርሽ አሽከርክሩ። ጭሱ መታየት ሲጀምር ሦስት አራት ሰከንድ ያህል በቂ ነው፤ ከዚያ ፍሬኑን እየለቀቃችሁ ወደ ፊት ውጡ። ጎማው ሲነካ መጣበቅ አለበት፤ ቅባት የነካው ያህል ከተንሸራተተ ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው። የፊቱን ፍሬን ብቻ የሚይዝ ላይን ሎክ ከሌላችሁ የኋላው ፍሬን ሸራም አብሮ እንደሚቃጠል አስቡ። የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የእጅ ፍሬን ይበቃዋል።

የዚህ ጎማ ትልቁ ጉድለት፣ እውነቱን ለመናገር የሁሉም ድራግ ራዲያል ጉድለት፣ አንዴ ካመለጠ አለመመለሱ ነው። ስሊክ ትንሽ ተሽከርክሮ ራሱ መልሶ ይይዛል፤ ራዲያል ከተለቀቀ እግራችሁን እስክታነሡ ድረስ ይሽከረከራል። ስለዚህ አውቶማቲክ ከሆነ ሞተሩን ከ1800 እስከ 2200 ዙር ይዛችሁ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በለስላሳ ግፊት ስጡ። ፍሪሲዮን ያለው መኪና ደግሞ ፔዳሉን በአንድ ጊዜ ከመጣል ይልቅ ጥቂት እያንሸራተቱ መልቀቅ ይሻለዋል፤ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል፣ ግን ከዲፈረንሻል ይረክሳል።

ጎማው መያዝ ሲጀምር ነው ሌላው ነገር መሰበር የሚጀምረው። ድሮ በመሽከርከር ይባክን የነበረው ኃይል አሁን ክሮቸራው፣ የኋላ አክስሉና የካምቢዮው ጥርሶች ላይ ያርፋል። ራሱን የቻለ የኋላ እገዳ ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ጎማው መሬቱን እየያዘ እየለቀቀ ይነጥራል፤ ያን ንጥሪያ ስትሰሙ ወዲያው እግር አንሡ፤ አክስል የሚሰብረው እሱ ነው። መፍትሔው የኋላ ተሸካሚ ክፈፉን የላስቲክ ቡሽ በጠንካራ መተካትና የሾክ አብዞርበሩን ሁኔታ መፈተሽ ነው። የጎማውን ዋጋ ስታሰሉ ይህን ወጪ አብራችሁ አስቡት።

መንገድ ላይ ያለው ጠባይ ከስሙ ይሻላል፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሆኖም ቶሎ ያልቃል፤ በየቀኑ ለሥራ የሚነዳ መኪና ላይ ከገጠማችሁት ገንዘባችሁን አስፋልት ላይ እየፈጫችሁ ነው። ቦዮቹ ቀላል ዝናብን ያሳልፋሉ፤ ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ግን ይንሳፈፋል፣ ጎማው ባለቀ ቁጥርም ይብሳል። ብርድ ላይ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ውርጭ ባለበት ቦታ አትንዱት። ሳትጠቀሙበት ስታስቀምጡ ፀሐይ፣ ዘይትና ኤሌክትሪክ ሞተር ከሚሠራበት ቦታ አርቁት፣ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኑት። ያገለገለ ጥንድ ሲቀርብላችሁ የቦዩን ጥልቀት ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ብዙ ጊዜ ሞቆ የቀዘቀዘ ላስቲክ ቦይ ቢኖረውም ጠንክሯል፤ ጥፍራችሁን ስትጫኑት ምልክት ካልቀረ ተዉት። ጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል።

አንድ የማይታሰብ ነገር ደግሞ አለ። ጎማው ሰዓታችሁን ሲያወርድ ደንብ ውስጥ ሊያስገባችሁ ይችላል። በአሜሪካው የድራግ ሬስ ማኅበር በኤንኤችአርኤ ደንብ 402 ሜትሩን በ13.99 ወይም ከዚያ ባነሰ ሰከንድ የሚጨርስ ሄልሜት የግድ ነው፤ 11.49 ላይ ሲደረስ ሮል ባር (መኪናው ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቅስት) ይጠየቃል፣ ለአዳዲስ የፋብሪካ መኪኖች ግን ላላ ያለ ድንጋጌ አለ። ሌሎች ቦታዎች የራሳቸውን ገደብ ያወጣሉና ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ 14.2 ይሮጥ የነበረ መኪና በዚህ ጎማ 13.8 ሮጦ ሄልሜት ስለሌለው ብቻ ከሰልፍ ሊወጣ ይችላል።

በወር አንዴ ሁለቴ የሚወዳደር፣ በራሱ መኪና ነድቶ የሚሄድና የሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ እምብዛም አያገኝም። ተጎታች ያለው ግን ኢቲ ስትሪት አርን ይግዛ። ከ11 ሰከንድ በታች የሚሮጥም እንዲሁ።